የአባትን ቤት ስለ ማደስ

በቋንቋችን ውስጥ «ቤት» የሚለውን ያህል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ጥቂት ነው። ግድግዳውንና ጣሪያውን ቤት እንለዋለን፤ በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች ቤተ ሰብ እንላቸዋለን፤ የትውልድ ሐረግ ስንቈጥር «የእገሌ ቤት» እንላለን፤ ገጣሚም ስንኙ የሚያርፍበትን ድምፅ ቤት ይለዋል። ባልና ሚስት ሲለያዩ፥ ጣሪያው ሳይነቃነቅ ማገሩም ሳይወልቅ፥ ጎረቤት «ቤቱ ፈረሰ» ይላል። ወጣቱ ሲያገባ ደግሞ ገና አንድ ድንጋይ ሳያነሣ «ጎጆ ወጣ» ይባልለታል። ቃሉ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ከያዘ፥ ከአባቱ የወረሰውን ቤት በዘመናዊ አሠራር ሊያድስ የተነሣ ሰው የሚነካው ድንጋይና እንጨት ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። አሮጌ ቤት የወረሰ ሰው ሲያድሰው ለማን ምን ዕዳ አለበት? ለሞተው ሠሪ ነውን? አሁን ለሚኖርበት ነውን? ገንዘቡን ላወጣው ነውን? ለጎረቤት ነውን? ወይስ ነገ ለሚወለደው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በወሎ ደጋ በኩታበር ተራሮች ላይ አንድ ቤተ ሰብ ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከር የሰማ ሰው፥ ነገሩ ወንድምን ከወንድም የሚያኳርፍ፥ እናትንም የሚያስለቅስ መሆኑን ያውቃል።

አስቀድመን ቤቱ የቆመበትን ምድር እንመልከት። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ የደጋ አገር ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ በአጭር ጉዞ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፥ ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የዋለ ሰው ደሴ ሲደርስ ኮቱን ይፈልጋል፤ ኩታበር ተራራ ላይ ካመሸ ደግሞ ጋቢ ይደርባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይወርዳል፤ በክረምት በረዶ ይመታል። አባቶች ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቁርጥማት ነው።

ስለዚህ የሠሩት ቤት ለዚህ ብርድ የተሰጠ መልስ ነበር። ግድግዳው በጭቃ የተካበ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ወፍራም ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። የሣሩ ክዳን በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያስወጣም፤ በረዶ ሲወርድበትም ጆሮ አያደነቍርም። በሩ ጠባብ የሆነው፥ መስኮትም የጠፋው ነፋስ እንዳይገባ ነው። ከብቱ በአንድ ወገን የሚያድረው ከሌባና ከአውሬ እንዲጠበቅ ብቻ ሳይሆን ትንፋሹ ቤቱን እንዲያሞቅ ነው። ጢሱ እንኳ ሥራ አለው፤ ወራጁንና ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቃል።

ይህን የምዘረዝረው አሮጌውን ለማሞገስ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ አንዱ ነገር ሌላውን ደግፎ እንደቆመ፥ ምክንያቱን ሳያውቁ አንዱን መንቀል ሌላውን እንደሚጥል ለማሳየት ነው። ምድጃውን ከቤት አውጥቶ የሣሩን ክዳን እንዳለ የተወ ሰው፥ ሣሩ ጢስ አጥቶ ከቀድሞው ፈጥኖ በነቀዝ ሲበላ ያያል። ከብቱን አስወጥቶ ለቤቱ ሌላ ሙቀት ያላዘጋጀ ሰው በሌሊት ብርዱን ይቈጥራል። ማደስ የሚጀምረው በመዶሻ አይደለም፤ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱ በሙሉ መነገር አለበት። ያ ለሣሩ መድኃኒት የሆነው ጢስ ለሰው መርዝ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በመላው ዓለም ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በቤት ውስጥ የማገዶና የመሰለው ጢስ ባመጣው በሽታ ሞተዋል። ከዚህ ሸክም ትልቁን የሚሸከሙት በምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። አሮጌውን ቤት አብዝተን የምናመሰግን ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዚያ ቤት እንጀራ የማንጋግር ነን። በከተማ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የልጅነትን ጢስ መናፈቅ ቀላል ነው፤ የናፈቅነው ጢስ ግን የእናታችንን ዓይን ያቀላው ጢስ ነው። ስለዚህ «የአባቶች ቅርስ ነውና አትንኩት» የሚል ሰው በሌላ ሰው ሳንባ ለጋስ እንደ ሆነ ሊነገረው ይገባል። ብርሃን፥ ንጹሕ አየር፥ የሚታጠብ ወለል፥ ለከብት የተለየ በረት፥ እነዚህ ቅንጦት አይደሉም። አንድ ልጅ ዐቅም እያለው እናቱን በጢስ ውስጥ ቢተዋት ቅርስ ጠበቀ አይባልም።

እንግዲያውስ አዲስነት ኀጢአት ካልሆነ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? እኔ እንደማስበው ስሕተቱ ቤትን ለሚኖርበት ሳይሆን ለሚያልፍ ሰው ዓይን መሥራት ነው። ዛሬ በብዙ የደጋ ከተሞችና መንደሮች የምናየው ይህን ነው። ጥሩው የድንጋይ ግድግዳ «የድሀ ቤት ይመስላል» ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል። በጭቃ የተካበ ግንብ ግን መተንፈስ አለበት፤ በሲሚንቶ ሲታፈን ከመሬት የሳበው እርጥበት መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ጭቃውን ያላሽቀዋል፤ ልስኑም በጥቂት ዓመት ውስጥ እየተላጠ ይወድቃል። ይህ የመንደር ሰው ስሕተት ብቻ አይደለም። በጎንደር የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች በኖራ የተገነቡ ሳሉ፥ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን በሲሚንቶ ጠግነዋቸው ነበር፤ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራው ተመልሰዋል። የሥልጣኔ ዕቃ ሁሉ በማናቸውም ቦታ የሥልጣኔ ሥራ አይሠራም።

የቆርቆሮውም ነገር እንደዚሁ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ በእሳትም እንደ ሣር አይነድም፤ ይህ ትልቅ በጎነቱ ነው። ግን ብቻውን ሲሆን ቀን ያቃጥላል፤ ሰማይ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ለሰማይ ይሰጣል፤ ጧትም የሰው ትንፋሽ በሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከሥሩ አንድ ኮርኒስ ቢሠራለት ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። ነገር ግን ኮርኒስ ከውጭ አይታይምና፥ ለኮርኒስ የሚሆነው ገንዘብ በበረንዳው ፊት ለቆመ ጌጠኛ ምሰሶ ይወጣል። በውስጡ የሚተኙት በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ በመንገድ የሚያልፈው ያደንቃል። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ነው፤ እንዲህ ላለው ቤትም ይስማማል።

እዚህ ላይ ከጥንት ግሪኮች የመጣ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፥ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ አቆይተውት ነበር፤ ሳንቃው በበሰበሰ ቍጥር እያወጡ በአዲስ ይተኩት ነበር። ፈላስፎችም «ሳንቃው ሁሉ ከተለወጠ በኋላ መርከቡ ያው መርከብ ነውን?» እያሉ ተከራከሩ። የኩታበር ገበሬ ይህን ጥያቄ ቢሰማ ይስቅ ይመስለኛል። እርሱ ሣሩን በየጥቂት ዓመቱ ይለውጣል፤ ምርጊቱን ከክረምት በኋላ ያድሳል፤ ምሰሶው ሲደክም ሌላ ያቆማል፤ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ያልተለወጠ እንጨት ላይቀር ይችላል፤ ግን ቤቱን የአያቴ ቤት ከማለት አላቋረጠም። የአባቶች ቤት ሁልጊዜ በመታደስ የኖረ እንጂ አንድ ቀን ተሠርቶ ሳይነካ የተቀመጠ አይደለም። ቤቱን ያው ቤት ያደረገው ሣሩና እንጨቱ ካልሆነ ምንድር ነው? መልሴ ይህ ነው፤ በውስጡ የሚፈጸመው ነገር ነው። ማን ይጠለልበታል? ማን ይገባበታል? ማንስ ይከበርበታል? እነዚህ ሳይለወጡ ግድግዳው ቢለወጥ ቤቱ አለ። ግድግዳው ቆሞ እነዚህ ከጠፉ ግን «ቤቱ ፈረሰ» የሚለው ቃል እዚህም ይሠራል።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ የማውቀውን ቤተ ሰብ ምሳሌ ላቅርብ፤ ስም አልጠራም። ባልዋ የሞተባት እናት በተራራው ላይ ባለው አሮጌ የድንጋይ ቤት ትኖራለች። ታላቁ ልጅ ደሴ ይነግዳል። ሴት ልጅዋ፥ እንደ ብዙ የወሎ ልጃገረዶች፥ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ለብዙ ዓመታት አገልግላለች፤ ለቤቱ ማደሻ የሚሆነው ገንዘብ የመጣው ከእርስዋ ነው። ልጁ አሮጌውን አፍርሶ በብሎኬት፥ ባለ ቀለም መስተዋት ቤት ሊያሠራ ዐስቦ ንድፉን በስልኩ ለእናቱ አሳያት። እርስዋም ረጅም ጊዜ ተመልክታ «ልጄ፥ እዚህ ውስጥ እኔ የት ነኝ?» አለችው። «እማዬ፥ ለአንቺ እኮ ነው የምንሠራው!» ብሎ ተቈጣ። «እንግዲያው ጠይቀኝ» አለችው።

በተጠየቀች ጊዜ የፈለገችው ሦስት ነገር ብቻ ሆነ። ጢሱ የሚወጣበት ማእድ ቤት፤ ከተቀመጠችበት ሆና ወደ ደጅ የመጣውን ሰው የምታይበት መስኮት፤ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ጫማውን ሳይሣቀቅ የሚቀመጥበት መደብ። ልጅቱም በስልክ ተጠየቀች። እርስዋ የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ «ስመለስ ከውስጥ የምቈልፈው በር ያለው ክፍል ይኑረኝ» አለች። ለምን እንደሆነ ያብራራች አይመስለኝም። በሰው ቤት፥ በሰው ፈቃድ፥ ዓመታት ላደረች ሴት ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ከዚያ በኋላ ያስማማቸው ሥራውን የያዘው ግንበኛ ነው። ግድግዳው ጤነኛ እንደሆነ አሳያቸውና እንዳይፈርስ መከረ። የደከመውን ማዕዘን ፈታ አድርጎ ካበው፤ የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ለውጦ ከሥሩ ኮርኒስ መታ፤ በምሥራቅና በደቡብ በኩል መስተዋት ያለው ሰፊ መስኮት አወጣ። በዚህ አገር በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ፥ የደቡብ መስኮት ቀኑን ሙሉ ብርሃንና ሙቀት ያስገባል። ማእድ ቤቱን ከጢስ መውጫ ጋር በጓሮ አያያዘው፤ ለከብቱ በረት ለየለት። አዲሱ ክፍል አዲስ መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ አሮጌውን አይመስልም፤ አሮጌውንም አያሳፍርም። የልጅቱ ክፍል ተሠርቷል፤ ቍልፉ ከእናትዋ ዘንድ ነው። ነገር ግን የልጅቱ ስም በርስቱ ላይ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ይህን ስጽፍ አላለቀም። ወንድምየው ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱን ይወዳል፤ የእኅቱንም ስም በምስጋና ያነሣል። ግን ምስጋናና ድርሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገና አልታየውም።

ከዚህ ምሳሌ የምማረው የዕዳውን ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ዕዳ በቤቱ ውስጥ ለሚውለውና ለሚያድረው ነው፤ ጢሱን የሚጠጣው፥ ብርዱን የሚሸከመው እርሱ ነውና። ሁለተኛው ዕዳ ላቡን ላፈሰሰው ነው፤ ገንዘብ የላከ ሰው የሌላውን ኑሮ የማዘዝ መብት የለውም፤ ግን ስሙና ክፍሉ ሊጠበቁለት ይገባል። በእኅት ገንዘብ በወንድም ስም የቆመ ቤት፥ መስተዋቱ የቱንም ያህል ቢያበራ፥ በውስጡ አንድ ጨለማ ቦታ አለው። በየመንደሩ ስንት ቤት በዚህ ዓይነት እንደቆመ ወጣቶች ራሳቸው ያውቁታል።

ሦስተኛው ዕዳ የጎረቤት ነው። በወሎ ቤት ማለት የባለቤቱ ብቻ አይደለም። በቡናው ዙሪያ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀመጣል፤ በወዳጃ ቀን ዱዓ ይደረግበታል፤ ሰው ሲሞት የቅሬው ሰው ይሰበሰብበታል፤ እንግዳና ሞት ደግሞ በድንገት እንጂ ተቀጣጥረው አይመጡም። ቤቱን ያቆመውም የጎረቤት ጕልበት ነው፤ ድንጋዩ የተጋዘው፥ ክዳኑ የተመታው በደቦ ነው። እንግዲህ ይህ ቤት ሲታደስ ደጁ በከፍተኛ ግንብ ቢታጠር፥ ሳሎኑም ጭቃ የረገጠ ጎረቤት ሊገባበት የሚፈራው ቢሆን፥ ባለቤቱ የሰው ብድር ሳይከፍል በሩን ዘጋ ማለት ነው። ይህን ስል ለብቻ መሆን ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ለወጣቱ የሚያነብበት፥ ለልጃገረዲቱ የምትቈልፈው ክፍል ያስፈልጋል። የድሮው ቤት ይህን ባለመስጠቱ ጐድሎ ነበር። አዲሱ ግን ይህን ሰጥቶ ያኛውን እንዳይነሣ ያስፈልጋል።

ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ቭሪን የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር አለች። የመንደሩ ተወላጅ የሆነው የሕንጻ ዐዋቂ ጂዮን ካሚናዳ፥ አገሬው ከጥንት በሚያውቀው፥ ግንድን በግንድ ላይ እያጠላለፉ በመካብ ዘዴ፥ ለዛሬ ኑሮ የሚሆኑ አዳዲስ ቤቶችንና በረቶችን ሠራ። መንደሪቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ዋከር የተባለውን የአገሩን ሽልማት አገኘች። በ2002 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሬሳ የሚያርፍበትና ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት አንድ ቤት ሠራላቸው። የእኛ ቅሬ ይህን ቢያይ ሳይተረጐምለት ይገባው ነበር። በአንጻሩ በግብጽ፥ ከሉክሶር ማዶ፥ ታላቁ የሕንጻ ሊቅ ሐሰን ፈትሒ በ1940ዎቹ ለጉርና ገበሬዎች ከጭቃ ጡብ ያማረ አዲስ መንደር መሥራት ጀመረ። ሥራው በዓለም ተደነቀ፤ ገበሬዎቹ ግን ብዙዎቹ የቀድሞ መንደራቸውን ትተው ሊገቡበት እንቢ አሉ። ቤቱ አምሮ ሳለ ዝውውሩ የእነርሱ ምርጫ አልነበረም። በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ የጥንታዊ ሕንጻ ጠባቂዎችም፥ በአሮጌ ሕንጻ ላይ የሚጨመር ነገር ከነባሩ ጋር ተስማምቶ የራሱን ዘመን ምልክት ይያዝ እንጂ ጥንታዊ መስሎ አያታልል ብለው ደንብ ጽፈዋል። የተራራው ግንበኛ ደንቡን ሳያነብ ሠርቶታል።

አንድ ተቃውሞ ግን በቀላሉ አይታለፍም። «ይህ ሁሉ ምርጫ ላለው ሰው ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በኩታበርና በደሴ ላይ ባለፈ ጊዜ፥ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከክረምት በፊት ያገኘውን ቆርቆሮ በላዩ ላይ ቢመታ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እርሻ ግጦሹን እየበላ፥ የክዳን ሣርም እየጠፋ ባለበት አገር «በሣር ክደን» ብሎ መምከርም ፌዝ ነው። ችግረኛ መጀመሪያ መጠለያ ይገባዋል፤ ስለ መልኩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የሚኖርበትን መጠየቅ፥ የከፈለውን አለመርሳት፥ ለጎረቤት መቀመጫ መተው ገንዘብ አይጠይቁም። ድሀ ሆኖ ይህን የሚያደርግ አለ፤ ሀብታም ሆኖ የማያደርገው ብዙ ነው።

ለሙታንስ? ለእነርሱ የሚከፈለው ዕዳ የሠሩትን ቅርጽ መቅዳት አይመስለኝም። እነርሱ ቅርጽ አልቀዱም፤ የነበራቸውን ድንጋይና ሣር ይዘው ለብርዱ የሚችሉትን መልስ ሰጡ። መስተዋት ቢያገኙ ኖሮ መስኮት በከፈቱ ነበር። የሚከበሩት ምክንያታቸው ሲመረመር ነው። ገና ላልተወለዱት ደግሞ የሚከፈለው ዕዳ፥ የሠራነው ስሕተት ሆኖ ቢያገኙት ሊያርሙት የሚችሉት አድርጎ መሥራት ነው። በጭቃና በኖራ የተካበ ድንጋይ ተፈትቶ እንደገና ይካባል፤ በሲሚንቶ የታፈነው ግን ከነስሕተቱ ይወረሳል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም አንቺም አንድ ቀን ገንዘብ ይዛችሁ ወደ ተራራው ትመለሱ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት በአሮጌው ቤት አንድ ሌሊት እደሩበት፤ ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ በገላችሁ እወቁት። በማግሥቱ እንጀራ ሲጋገር በምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ጢሱንም ቅመሱት። ማታ ቡና አስፈልታችሁ ጎረቤት ጥሩ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም አስተውሉ። ከዚያ በኋላ በቤቱ የምትኖረውን ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ መልስዋንም ሳታቋርጡ ስሙ። ገንዘቡን የላከው ሌላ ከሆነም፥ ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን መሠረቱ ሲጣል፥ ድርሻው በጽሑፍ ይሁንለት።